ቀኙ ለምን ደከመ? በቤት በተሠራ የቲዩብ ሄድፎን አምፕ ላይ የግራና ቀኝ አለመመጣጠን ፍለጋ

ቅሬታው አጭር ነው። አምፑ (የሄድፎን ድምፅ ማጉያው) ሲከፈት ደህና ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ዘፋኙ ከመሀል ተነስቶ ወደ ግራ ጆሮ መጠጋት ይጀምራል። ቀኙ አይጠፋም፣ አይንጫጫም፣ አይቆራረጥም። ብቻ ይደክማል። ቮልዩሙ በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ ችግሩ የቀነሰ ይመስላል።

ባለቤቱ ወዳጄ ነው። አምፑን ከባዶ ሻሲ (የብረት ሣጥን) ጀምሮ የሠራው ራሱ ነው። ወደ እኔ ሲያመጣው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፦ «ቲዩቡ አልቆለታል፤ አዲስ ላዝዝ ነው፤ እስቲ አንተም እየው።» እንዲህ ማሰቡ አይገርምም። ቲዩብ፣ ማለትም ሲግናል የሚያጎላ የብርጭቆ ቱቦ፣ ያለው ዕቃ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲዩቡ ነው። ይበራል፣ ይሞቃል፣ ያረጃል፣ ከሶኬቱ ተነቅሎ ይቀየራል። ለመጠርጠር ይመቻል።

እኔ ግን ማንንም ከመጠርጠሬ በፊት አንድ ቁጥር ፈለግሁ፦ ልዩነቱ በዴሲቤል (በድምፅ መጠን መለኪያ) ስንት ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። «ግራው ይበልጣል» ይላል እንጂ በስንት እንደሚበልጥ አይለካም። እንዲህ ባለ ቀላል ሰርኪት ላይ ደግሞ የልዩነቱ መጠን ራሱ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ያረጀ ቲዩብ፣ የተዛባ ሬዚስተርና የተቋረጠ ካፓሲተር የሚያመጡት ልዩነት እኩል አይደለም።

አምፑ ምን ይመስላል

ሁለት ቲዩብ ብቻ ነው ያለው። ከፊት 6ኤስኤን7፣ ከኋላ 6080። ሁለቱም በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ (ከካቶድ ወደ አኖድ የሚሄደውን ከረንት ግሪድ የሚቆጣጠርበት ማጉያ) ይይዛሉ፤ አንዱ ትራዮድ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ ይሠራል። መውጫው ላይ ትራንስፎርመር የለም። 6ኤስኤን7 ሲግናሉን ያጎላል። 6080 ደግሞ ካቶድ ፎሎወር (ሲግናሉን ከካቶዱ የሚያወጣ) ሆኖ ለሄድፎኑ ጉልበት ይሰጣል። 6080 በመሠረቱ ለቮልቴጅ ሬጉሌተር የተሠራ ቲዩብ ነው። የማጉላት አቅሙ 2 ብቻ ቢሆንም ብዙ ከረንት ማሳለፍ ይችላል።

የአንዱ ቻናል አሠራር ይህ ነው። ዋናው ቮልቴጅ 220 ቮልት ነው። 6ኤስኤን7 አኖዱ ላይ 33 ኪሎኦም፣ ካቶዱ ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አለው። ከካቶዱ ሬዚስተር ጎን ለጎን 220 ማይክሮፋራድ ባይፓስ ካፓሲተር ተያይዟል። ይህችን ካፓሲተር ልብ በሉልኝ። አኖዱ በቀጥታ ወደ 6080 ግሪድ ይሄዳል። ከ6080 ካቶድ ሥር 3 ኪሎኦም አለ። ሲግናሉ ከዚያው ካቶድ ተነስቶ በ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ 300 ኦም ሄድፎን ይወጣል። መግቢያው ላይ ለግራና ለቀኝ ባንድ ዘንግ የሚዞር 100 ኪሎኦም ቮልዩም አለ።

በነገራችን ላይ የሁለቱ ቲዩቦች የእግር አደራደር አንድ ነው። አንዱ በሌላው ሶኬት ውስጥ ያለምንም ችግር ይገባል። የ6ኤስኤን7 ሂተር (ካቶዱን የሚያሞቀው ሽቦ) ግን 0.6 አምፔር ሲበላ የ6080 ግን 2.5 አምፔር ይበላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ የሚተክል ሰው ሶኬቶቹ ላይ ስማቸውን ቢጽፍ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

መጀመሪያ ከአምፑ ውጪ ያለውን

ሻሲውን ከመክፈት በፊት የሚሠሩ ሦስት ርካሽ ሙከራዎች አሉ። ሁሉም የሚደረጉት አምፑ ሞቆ ችግሩ ከታየ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ጤነኛ ዕቃ መፈተሽ ይሆናል።

ሄድፎኑን ገልብጦ ማድረግ አንዱ ነው። ደካማው ድምፅ ወደ ግራ ጆሮ ከዞረ ጆሮህ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። የሰው ሁለት ጆሮ እኩል ላይሰማ ይችላል፤ አምፑን ለወራት ሲወቅስ ከርሞ ጆሮው ሆኖ የሚያገኘው ሰው ሞልቷል። በእኛ ሙከራ ድምፁ ዞረ። ቀጥሎ ሄድፎኑን ሌላ ዕቃ ላይ ሰካነው፤ እኩል ነው። ከዚያ አምፑ መግቢያ ላይ የግራና የቀኝ ገመዶችን አቀያየርን። ችግሩ ከምንጩ ወይም ከገመዱ ቢሆን ኖሮ ደካማው ጎን ወደ ግራ ይዞር ነበር። ፍንክች አላለም፤ እዚያው ቀኝ ላይ ቀረ።

የሄድፎኑን መሰኪያም ነካክተን አይተናል። የዚህ አምፕ የመውጫ ሬዚስታንስ ወደ 130 ኦም ስለሆነ መሰኪያው ላይ ያለ ቆሻሻ ለውጥ የሚያመጣው በአስር በሚቆጠር ኦም ሲገባ ነው። ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ ጉዱ ሻሲው ውስጥ ነው።

ቁጥሩ

እዚህ ላይ ሄድፎኑ ይነቀላል። በቦታው ለየቻናሉ አንዳንድ 300 ኦም ሬዚስተር ይገባል። የ6080 ካቶድ ላይ 135 ቮልት አካባቢ አለ። በዚያ ቮልቴጅና በጆሮህ መካከል ያለችው አንድ ካፓሲተር ብቻ ናት። የመልቲሜትሩ ጫፍ ተንሸራቶ የሆነ ነገር ሲነካ ሄድፎን ጭንቅላት ላይ መሆን የለበትም።

220 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ይገድላል። አምፑ ተነቅሎም የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ስለካ አንዱ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ በቁንጥጫ ግራውንድ (የሰርኪቱ ዜሮ ቮልት) ላይ አስሬ በአንድ እጅ ብቻ እሠራለሁ። መበየጃ ከማንሳቴ በፊት ነቅዬ፣ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር አራግፌ፣ ቮልቴጁ መውረዱን በመልቲሜትር አረጋግጣለሁ። ይህን ለማድረግ የሚሰለች ሰው ቲዩብ ባይነካ ይሻላል።

ቮልዩሙን እስከ ጥግ ከፈትኩት። እንዲህ ሲሆን ቮልዩሙ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል፤ የገባው ሁሉ ወደ ግሪዱ ይደርሳል። 400 ሄርትዝ ሳይን ሞገድ፣ 100 ሚሊቮልት፣ ለሁለቱም ቻናል ከአንድ ምንጭ አስገባሁ። 400 የመረጥኩት ርካሽ መልቲሜትሮች ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኤሲ (እንደ ሲግናል የሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ) ሲለኩ ስለሚዋሹ ነው።

እንደተከፈተ ግራው 0.68 ቮልት፣ ቀኙ 0.67 አለ። እኩል ነው ማለት ይቻላል። አምፑ እየሞቀ ሲሄድ ቀኙ ቀስ እያለ አልወረደም፤ ባንዴ ነው የወደቀው። 0.46 ላይ ቆመ። ግራው ያው 0.68 ነው። ሁለቱን አካፍሎ፣ ሎጋሪዝሙን ወስዶ በ20 ሲባዛ 3.4 ዴሲቤል ይመጣል። በ40 ሄርትዝም ለካሁ። ልዩነቱ ያው 3.4 ነው።

ሦስት ነገር በእጃችን ገባ። ልዩነቱ 3.4 ዴሲቤል ነው። ባስ ላይም መሀሉ ላይም እኩል ነው። የመጣውም በዝግታ ሳይሆን ባንድ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ተጠርጣሪዎቹን በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው። የ6ኤስኤን7 ሁለት ትራዮዶች የማጉላት አቅም በ10 በመቶ ቢለያይ የሚያመጣው ወደ 0.8 ዴሲቤል ነው። የ6080 ሁለት ጎኖች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። የአንዱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 400፣ የሌላው 500 ኦም ቢሆን እንኳ በ300 ኦም ሄድፎን ላይ ልዩነቱ 0.7 ዴሲቤል ነው። የአኖዱ ሬዚስተር ከ33 ወደ 40 ኪሎኦም ቢዛባ 0.4 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። የመውጫው ካፓሲተር አቅሙን ቢያጣ ባሱ ነበር የሚጎዳው፤ መሀሉ ላይ ምንም አይታይም ነበር። ሁሉም ለ3.4 ያንሳሉ ወይም መልካቸው አይመጥንም።

ቲዩቡ በጣም ካረጀ ግን 3.4 ሊደርስ ይችላል አይደል? ይችላል። ያ ሲሆን ደግሞ ዲሲው ይመሰክራል። የደከመ ቲዩብ ከረንቱ ይወርዳል፤ የካቶዱ ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ የአኖዱ ይጨምራል። ስለዚህ ችግሩ እየታየ ዲሲውን ለካሁ። አኖድ፦ ግራ 112፣ ቀኝ 114 ቮልት። ካቶድ፦ ሁለቱም 3.3። 6080 ካቶድ፦ ግራ 131፣ ቀኝ 135። ጤነኛ ነው።

ዲሲው እኩል ሆኖ ኤሲው ሲለያይ እኔ ወደ ካፓሲተር ነው የማየው። ካፓሲተር ዲሲ አያሳልፍም። ስለዚህ ተቋርጦ ቢንጠለጠልም ዲሲው ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቮልቴጆቹን ለክቶ ሁሉም ትክክል ሲሆንበት «እንግዲያው ቲዩቡ ነው» ይላል።

ካቶዱ ላይ የተገኘው

የባይፓስ ካፓሲተሯ ሥራ ካቶዱን ለሲግናል ዝም ማሰኘት ነው። እሷ ካለች ካቶዱ ላይ ዲሲ ብቻ ይኖራል። ከሌለች የ1 ኪሎኦሙ ሬዚስተር ሲግናሉንም ይይዝና ማጉላቱን ይቀንሰዋል። ስንት ይቀንሳል? በወረቀት ላይ ሠራሁት። 6ኤስኤን7 የማጉላት አቅሙ 20 ነው። በዚህ 3.3 ሚሊአምፔር ከረንት ላይ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ወደ 10 ኪሎኦም ነው። ካፓሲተሯ ስትኖር 20 በ33 ተባዝቶ ለ43 ይካፈላል፤ 15.3 እጥፍ። ሳትኖር አካፋዩ ላይ ሌላ 21 ኪሎኦም ይጨመራል፤ ይኸውም ሃያ አንድ ጊዜ 1 ኪሎኦም ነው። ለ64 ሲካፈል 10.3 እጥፍ ይሆናል።

የ15.3 እና የ10.3 ልዩነት በዴሲቤል 3.4 ነው።

ካፓሲተሯ ተቋርጣ ሳይሆን ደርቃ አቅሟን አጥታ ቢሆን ልዩነቱ ባስ ላይ ይበዛ ነበር፤ ወደ ላይ ሲኬድ ይጠፋ ነበር። እዚህ ግን በ40ም በ400ም አንድ ነው። ጨርሳ የለችም ማለት ነው፤ ባንድ ጊዜ መውደቁም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

ወረቀት ብቻውን አይበቃም። መልቲሜትሩን ኤሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጌ የ6ኤስኤን7 ካቶዶችን ለካሁ፤ 3ኛውና 6ኛው እግር ናቸው። ግራው ላይ ዜሮ፤ ዲጂቱ እንኳ አልተነቃነቀም። ቀኙ ላይ 31 ሚሊቮልት። ዝም ማለት የነበረበት ካቶድ ያወራል።

ከዚያ ደረቅ የእንጨት ዘንግ ይዤ የቀኟን ካፓሲተር እግር ቀስ ብዬ ገፋሁ። 31 ወዲያው ዜሮ ሆነ። ለቀቅኩት፤ 31። ገፋሁት፤ ዜሮ። እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

ነቅለን፣ አራግፈን፣ በማጉያ መነጽር አየነው። ካፓሲተሯ ራሷ ምንም አልሆነችም። ከግራውንድ ጋር የምትገናኝበት ስታኞ (የብየዳ ቆርቆሮ) ነው የተበላሸው። የሌሎቹ መገጣጠሚያዎች ስታኞ አብረቅራቂና ወደ ሽቦው የተዘረጋ ነው። የዚህ ግን ግራጫና ኳስ የሚመስል ነው፤ የካፓሲተሯን እግር ዙሪያውን የከበበ ቀጭን የተሰነጠቀ ቀለበት ይታያል። ስታኞው ተርሚናሉን ይዞ ሽቦዋን አልያዘም። ሽቦዋ ውስጡ ቆማ ብቻ ነበር። ቀዝቃዛ ሲሆን ትነካለች፤ አጠገቧ ያለው 6080 ሻሲውን ሲያሞቀው ብረቱ ይለጠጥና ትለያያለች። ለዚህ ነው አምፑ እንደተከፈተ ደህና የሚሆነው።

ግራውንድ ተርሚናል ላይ ይህ መድረሱ የተለመደ ነው። ወፍራሙ ግራውንድ ሽቦና ሻሲው ሙቀቱን ይጠጡታል። ትንሽ መበየጃ በቂ ሙቀት አያደርስም፤ ስታኞው ከላይ ይቀልጣል እንጂ ከሥር ያለውን ሽቦ አያርስም። አሮጌውን ስታኞ መጥጠን አወጣን። የሽቦዋን ጫፍ ፋቅነው፣ ፍላክስ (ስታኞው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀባን፣ ጉልበት ባለው መበየጃ እንደ አዲስ በየድነው። ካፓሲተሯንም ከ6080 ሶኬት አራቅናት፤ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሙቀት አይወድም።

ሞቆ ለረጅም ሰዓት ከሠራ በኋላ ስለካ ግራ 0.68፣ ቀኝ 0.67 ሆነ። ወዳጄ አምፑን ይዞ ሄደ።

«አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ዞረ»

ብዙም ሳይቆይ ደወለ። ማታ ማታ ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጥ ዘፋኙ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። «አንተ፣ ገለበጥከው እንዴ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ቅሬታ መጨረሻ ላይ የነበረችው ነገር ትርጉሟ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ችግሩ የሚቀንስ የመሰለው ለምን እንደሆነ። አምፑን አስመጥቼ ቮልዩሙን እሱ ማታ በሚያዳምጥበት ቦታ ላይ አድርጌ ለካሁ። ግራ 24 ሚሊቮልት፣ ቀኝ 30። ወደ 1.9 ዴሲቤል ለቀኝ ያደላል። መሀል ላይ ሳደርሰው 0.3 ብቻ ነው። ጥግ ላይ ምንም።

ይህ የቮልዩሙ ጠባይ ነው። ባለ ሁለት ጎን ቮልዩም ውስጥ ሁለት የካርቦን ትራኮች አሉ፤ ሎጋሪዝማዊው አወራረድ የሚገኘውም በካርቦን ቅብ ነው። ከመሀል በላይ ሁለቱ ትራኮች ይቀራረባሉ። መጀመሪያው ሩብ ላይ ግን ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥቂት የቅብ ልዩነት በዴሲቤል ሲሰላ ይገዝፋል። ርካሽ ቮልዩም ላይ 2 እና 3 ዴሲቤል ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ አምፑ ከመጀመሪያው ሁለት ችግር ነበረው፤ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ነበር። ስታኞው ቀኙን በ3.4 ይጎትታል፤ ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ቀኙን በ1.9 ይደግፋል። ማታ የሚሰማው 1.5 ብቻ ነበር ማለት ነው። አንዱ ሲጠገን ሌላው ለብቻው ወጣ።

መፍትሔው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሱ ቮልዩሙን ልቀይር አለ። ያው ዓይነት ርካሽ ቮልዩም ከሆነ ግን አዲሱም ያንኑ ጠባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሬዚስተር የተሠራ ባለ ደረጃ ማዞሪያ ፍቱን ነው፤ ዋጋውና ቦታው ግን ይበዛል። እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። አምፑ ሄድፎኑ ላይ ወደ 7 እጥፍ ያጎላል። ምንጩ 2 ቮልት ይሰጣል። ይህ ለዚህ ሄድፎን ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ ሰውየው ሁልጊዜ የሚያዳምጠው ቮልዩሙ መጥፎ በሆነበት ሩብ ላይ ነው። ትራኩን ማስተካከል ባንችል እጁን ወደ ጥሩው ቦታ ማዛወር እንችላለን።

ከቮልዩሙ በፊት ለየቻናሉ ሁለት ሬዚስተር ጨመርን፦ 22 ኪሎኦም በመንገዱ ላይ፣ 10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ። ከ100 ኪሎኦሙ ቮልዩም ጋር ሲደመር ወደ 11 ዴሲቤል ይቀንሳል። 1 በመቶ የሆኑ ሬዚስተሮች ናቸው፤ በመልቲሜትር እየለካን ከጥቅሉ ውስጥ ተቀራራቢዎቹን መረጥን። አሁን ለዚያው የድምፅ መጠን ቮልዩሙ መሀል አካባቢ ይቆማል።

እኔ ብሆን ሌላም ነገር አደርግ ነበር፦ ሁለቱንም የባይፓስ ካፓሲተሮች አወጣቸዋለሁ። የቀኙ ቻናል ሳናውቀው ያሳየን ይህንኑ ነው። ማጉላቱ በሁለቱም በኩል በ3.4 ይቀንሳል። ባይፓስ የሌለው የካቶድ ሬዚስተር ደግሞ የሁለቱን ትራዮዶች ልዩነት ያጠብባል። ጉዳቱ ካቶዱ ከሂተሩ ለሚያፈስ ሃም (ዝቅተኛ የእምምታ ድምፅ) መጋለጡ ነው፤ ጸጥ ያለ 6ኤስኤን7 ይፈልጋል። ወዳጄ ግን አልፈለገም። የለመድኩት ድምፅ ይሄ ነው አለ። አምፑ የእሱ ነው።

መጨረሻ ላይ እሱ በሚያዳምጥበት ቦታ፣ አምፑ ሞቆ፣ ልዩነቱ 0.4 ዴሲቤል ሆነ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የቮልዩሙ፣ ቀሪው የቲዩቦቹ ይመስለኛል። ይህን ለማጥፋት 6080 እያፈራረቁ መሞከር ይቻላል፤ በጆሮ ግን ሁለታችንም ልናገኘው ስላልቻልን እዚያው ተውነው።